በነጻ የሚሰጥሽን ሱፐርቪዥን መርምሪ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ በሳይኮሎጂ ተመርቄያለሁ። አሁን ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር በአርቢቲነት (በባለሙያ ክትትል ሥር የባሕርይ ሕክምናውን ለልጁ በቀጥታ የሚሰጥ ሠራተኛ) ስሠራ ሁለት ዓመቴ ነው። ቢሲቢኤ (ሕክምናውን የሚያቅድና አርቢቲዎችን የሚቆጣጠር ባለሙያ) ለመሆን የኤቢኤ (የባሕርይ ትንተና) ማስተርስ ልጀምር ነው። ርካሹን ኦንላይን ልያዝ ወይስ በአካል የሚሰጠውን ውዱን? የምሠራበት ክሊኒክ «ሱፐርቪዥኑን (የልምምድ ሰዓትሽን የሚከታተልና የሚፈርም ባለሙያ) በነጻ እንሰጥሻለን፤ የሁለት ዓመት ውል ፈርሚ» ብሎኛል። እናቴ «ነርሲንግ ግቢ» ትላለች። በየወሩ ለቤተሰብ ስለምልክ ሎን እፈራለሁ። ወደፊት አገር ቤት ማዕከል መክፈት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን ያሳሰበኝ ያ «በነጻ» የተባለው ነገር ነው።

መራራውን ላስቀድም። ያለፉት ሁለት ዓመታት አይቆጠሩልሽም። ለቢሲቢኤ ፈተና የሚጠየቀው 2000 ሰዓት የሥራ ልምምድ የሚጀምረው የማስተርሱን ኮርስ ስትጀምሪ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ከ2000ው ውስጥ በቀጥታ ከልጁ ጋር የምትሠሪው ቢበዛ 40 በመቶ፣ ማለትም 800 ሰዓት ብቻ ይያዝልሻል። 1200ው ሌላ ሥራ ነው፦ ምዘና፣ ዳታ መተንተን፣ ፕሮግራም መጻፍ፣ ወላጅና ሠራተኛ ማሠልጠን። ክሊኒክ ደግሞ በአብዛኛው ገንዘብ የሚያገኘው አንቺ ከልጁ ጋር ስትውዪ ኢንሹራንሱን በማስከፈል ነው። ግራፍ ስትሠሪ ለምትውይበት ማን ይከፍላል? ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር አውለውሽ፣ ወር ሲያልቅ ፎርም ላይ ፈርመው ሊሸኙሽ ይችላሉ።

እኔ ለሶሻል ዎርክ ላይሰንስ ሰዓት ስሰበስብ ሱፐርቫይዘር ሆና የያዘችኝ ሴትዮ የጻፍኩትን ሁሉ በቀይ አበላሽታ ትመልስልኝ ነበር። ሙያውን ያወቅኩት ከእሷ ነው። አድልዎ ካለብኝ መነሻው ይሄ ነው።

አንቺ ደግሞ ማዕከል እከፍታለሁ ብለሻል። አዲስ አበባ ያለውን የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ የመሠረቱት ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። አገር ቤት ስትገቢ የሚፈለገው ወላጅና ሠራተኛ ማሠልጠን መቻልሽ ነው፤ እሱን የምትለምጂው በ1200ው ሰዓት ነው። ከ2023 ጀምሮ የቢሲቢኤ ፈተናን የሚሰጠው የአሜሪካ ቦርድ ኢትዮጵያ ከሚኖር ሰው ማመልከቻ ስለማይቀበል ፈተናውን እዚያው አሜሪካ ጨርሰሽ ሂጂ።

ከመፈረምሽ በፊት ክሊኒኩን ጠይቂ። በሳምንት ስንት ሰዓት ከልጅ ጋር ያልሆነ ሥራ ይሰጠኛል? ይከፈለኛል? ሱፐርቫይዘሬ ብትለቅ ማን ይተካታል? አሁን ስንት ተለማማጅ ይዛለች? ውሉን ባፈርስ ስንት እከፍላለሁ? መልሱ ውሉ ላይ ይጻፍ። «ኧረ ችግር የለም» ካሉሽ ችግር አለ። ሌላ ክሊኒክ ፈልጊ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ርካሹ ይበቃሻል። ግን ቦርዱ በየዩኒቨርሲቲው ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉትን በመቶኛ ያወጣል፤ እሱን ሳታዪ እንዳትመዘገቢ።

ነርሲንግ ጥሩ ሙያ ነው። ግን አንቺ አልፈለግሽውም፣ አለቀ።

ገንዘቡ ላይ ግን አልለሳለስም። እስክትጨርሺ የምትልኪውን ቀንሺ። በወለድ ተበድሮ ብር መላክ ጽድቅ አይደለም። ሎኑ በስምሽ ነው የሚቀመጠው፤ በአገር ቤት ያለ ማንም አይከፍልልሽም። የሕክምናና የቤት ኪራይ ከሆነ እሺ፤ ለሠርግና ለቤት ዕድሳት ግን እምቢ በይ። ለእናትሽም ትምህርቱ ሳይጀመር አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪያት፤ ወሩ ደርሶ ብሩ ሲያንስባት ከምትሰማው።