የጉድጓድ ውሃ ሲወጣ 6.8፣ ሲያድር 8፦ መለኪያው አልተበላሸም

ጥያቄ፦ መቂ አካባቢ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈባቸው ሁለት ኩሬዎች አሉኝ። ቆሮሶ ዓሣ ነው የማረባው። ውሃ የማገኘው ከጉድጓድ ነው። ከፓምፑ እንደወጣ ፒኤቹን (ውሃው ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር) ስለካው 6.8 ይላል። በርሜል ውስጥ አሳድሬ ስለካው 8 ይሆናል። ኩሬው ደግሞ ከሰዓት በኋላ 9 ያልፋል። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ሰሞኑን ሌሊት መብራት ሲመጣ ፓምፑን ከፍቼ ኩሬውን ሞላሁት። ጠዋት ስሄድ የሞቱ ዓሦች አገኘሁ። አንዱ ሎሚ ጨምቅበት ይለኛል፣ ሌላው ኖራ በትንበት ይለኛል። አየር የሚነፋ ሞተር ልግዛ?

መልስ፦ ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። መለኪያዎን አይጣሉት። የተለወጠው ውሃው ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወጣል። ዝናቡ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ፣ የዕፅዋት ሥሮችና ጥቃቅን ነፍሳት የሚተነፍሱትን ጋዝ ይዞ ይወርዳል። በስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ ቦታ ከጥልቅ የሚመጣም ይጨመርበታል። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደካማ አሲድ ይሆንና ፒኤችን ወደ ታች ይጎትታል። ታች እያለ ማምለጫ የለውም። ፓምፑ ሲያወጣው ግን ጋዙ መብረር ይጀምራል። አምቦ ውሃ ከፍተው ቢያሳድሩት በማግስቱ መቆንጠጡ እንደሚጠፋ ማለት ነው። ጋዙ በወጣ መጠን ፒኤቹ ይጨምራል። ደግሞ ከ6.8 ወደ 8 ትንሽ እርምጃ አይምሰልዎት። ፒኤች አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር አሲዳማነቱ በ10 እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ የእርስዎ ውሃ በአንድ ሌሊት አሲዳማነቱ ወደ 16 እጥፍ ቀንሷል።

የት ላይ ይቆማል? ይህን የሚወስነው በውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት፣ ማለትም አሲድን የሚያለዝበው የሟሟ ማዕድን፣ ነው። መጠኑ በባለሙያ ቋንቋ አልካሊኒቲ ይባላል። አልካሊኒቲው በሊትር 100 ሚሊ ግራም ገደማ የሆነ ውሃ፣ በደንብ አየር ካገኘ 8.3 እስከ 8.5 አካባቢ ይረጋል። 20 ብቻ ከሆነ ከ8 በታች ይቀራል። በእናንተ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ባይካርቦኔት የበዛባቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ውሃ የሚያፈሉበት ዕቃ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃዎ ካልሲየምም ባይካርቦኔትም እንዳለው ይወቁ። በርሜሉ 8 ላይ የተገኘው ጋዙ ገና ወጥቶ ስላላለቀ ይመስለኛል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃ ጋዙን የሚለቀው በላይኛው ገጹ በኩል ብቻ ነው፤ ጥልቅ በርሜል ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ወይም ጀሪካን ከሆነማ ብዙም አይለወጥም። ሰው «ውሃውን ሁለት ቀን አቆየሁት» ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው ክፍት ነበር ወይስ ዝግ የሚለውን ነው።

በገዛ እጅዎ ያረጋግጡ። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ከፓምፑ ሥር አፉ ድረስ ይሙሉና ውስጡ አየር ሳይቀር ይክደኑት። ከዚያው ውሃ በባልዲ ይቅዱና ከባልዲ ባልዲ ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያገላብጡት። ሁለቱንም ይለኩ። የባልዲው ከፍ ካለ ጥፋተኛው ጋዙ ነው። ልዩነት ካልታየ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። ዲጂታል መለኪያ ከሆነ ከመለካትዎ በፊት በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉት፤ የእርስዎ ቁጥሮች ከ7 አካባቢ ተነስተው 9 የሚያልፉ ናቸውና።

አሁን ወደ ሞቱት ዓሦች ልምጣ። ኩሬውን አላየሁትም። ግን ሰዓቱ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ሌሊት ኩሬ ውስጥ ፀሐይ የለም፣ አልጌው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው) ኦክስጅን አይሠራም። ዓሣውም፣ አልጌውም፣ ጭቃውም ኦክስጅን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣሉ። ንጋት ላይ ኦክስጅኑ ከቀኑ ሁሉ ዝቅተኛ ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት ኦክስጅን የሌለውና ጋዝ የሞላው ውሃ ለቀቁበት። አልካሊኒቲው 100 የሆነ ውሃ 6.8 ላይ በሊትር 30 ሚሊ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። አየር በደንብ ያገኘ ውሃ ግን 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይኖረውም። ጋዙ ሲበዛ የዓሣው ደም ኦክስጅን መያዝ ይከብደዋል። ስለዚህ ቆሮሶው የታፈነ ይመስለኛል። የሙቀቱ ልዩነትም ሊያግዘው ይችላል። ውሃው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከነበረ ደግሞ ሌላ መርዛማ ጋዝ አለበት ማለት ነው፤ እሱም አየር ሲያገኝ ይቀንሳል።

ስለዚህ ውሃውን በቀጥታ ኩሬ ውስጥ አይክተቱት። ሌሊት መብራት ሲኖር ፓምፑን ይክፈቱ፣ ግን አፉ ክፍት በሆነ ማጠራቀሚያ ይሙሉ። ከዚያ ረፋዱ ላይ፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ኩሬው ይልቀቁት። በአንድ ጊዜ ከኩሬው አንድ አሥረኛ ያህሉን ቢሞሉ ይበቃል። ቧንቧውንም ውሃ ውስጥ አይንከሩት። ከፍ ያድርጉትና ጫፉን ብዙ ቦታ ይብሱት፣ ወይም ውሃው በድንጋይ ደረጃ ላይ እየተፈነጠረ ይውረድ። በዚህ መንገድ ጋዙ ይወጣል፣ ኦክስጅን ይገባል፣ ወጪውም የለም ማለት ይቻላል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ቆይቶ ወደ ዝገት መልክ የሚቀየር ከሆነ ብረት አለበት። ያኔ ዝቃጩ እስኪወርድ ይጠብቁ፤ የዓሣውን ስንጥብ (መተንፈሻውን) ይደፍናልና። ማጠራቀሚያውን በሲሚንቶ ካሠሩት አዲሱ ሲሚንቶ ኖራ እየለቀቀ ፒኤቹን ከ10 በላይ ሊያወጣው ይችላል። እየሞሉ እየደፉ ለሳምንታት ያጥቡት፣ ለክተው ካልረጋ ዓሣ የሚደርሰው ውሃ አይቅዱበት።

ሎሚውን ይተውት። ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ባይካርቦኔቱን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ፒኤቹ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል፤ እርስዎም ደስ ይልዎታል። ጋዙ ሲበር ተመልሶ ይወጣል። በመሀል ዓሣውን የሚያፍነው ጋዝ በገዛ እጅዎ የጨመሩት ነው። ኖራማ ለእርስዎ ጭራሽ አያስፈልግም፤ የጎደለዎት ባይካርቦኔት አይደለም። የሚያቃጥለው ኖራ ዓሣ ባለበት ኩሬ ከተበተነ ደግሞ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የሚጠቅመው አፈሩ አሲዳማ ለሆነበት፣ ውሃውም ለስላሳ (ባይካርቦኔት ያነሰው) ለሆነበት አገር ነው። ወለጋና ጎጃም ላሉ አርቢዎች የሚሰጠውን ምክር ከእርስዎ ሁኔታ ጋር አይቀላቅሉት።

ኩሬው ከሰዓት በኋላ 9 የሚያልፈው ግን ከጉድጓዱ ጋር ብዙ አይገናኝም። ያ የአልጌው ሥራ ነው። አልጌ በፀሐይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጨርሶ ይወስደዋል፣ ፒኤቹም ይወጣል። ቀን 9 ሰዓት ላይ ከፍ ይላል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ አይቻልም፤ ሁለቱንም ሰዓት ይለኩ። ቆሮሶ እስከ 9 ድረስ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ አሞኒያው ነው። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ መኖ የሚወጣው አሞኒያ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከመቶ 1 አይሞላም። 8 ላይ ከመቶ 5 ያህል ይሆናል፤ 9 ላይ ከመቶ 36። በሌላ አነጋገር ትናንት ምንም ያላደረገው አሞኒያ ዛሬ ከሰዓት ሊገድል ይችላል። ክንድዎን እስከ ክርንዎ ውሃ ውስጥ ያስገቡ። መዳፍዎ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ከጠፋ ኩሬው ከልክ በላይ አረንጓዴ ሆኗል። ፍግ መጨመር ያቁሙ። መኖም ይቀንሱ፣ በተለይ የከሰዓቱን።

ሞተሩን መግዛት ከቻሉ ይግዙ፣ ግን ለምን እንደሆነ ይወቁ። አየር መንፋት ፒኤችን ሁልጊዜ ወደ ላይ አይገፋም። ውሃውን ከአየሩ ጋር ወደሚስማማበት ቦታ ይወስደዋል እንጂ። ጋዝ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ከፍ ያደርገዋል፤ አልጌ ጋዙን የጨረሰበትን ኩሬ ደግሞ በጥቂቱ ዝቅ ያደርገዋል። ያ ግን ከፀሐዩ ጋር እኩል አይታገልም፤ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ነው። ሞተሩ ዋጋውን የሚመልሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ለኦክስጅን ሲሠራ ነው። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ለዚህ ሰዓት ያስቀምጡት።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። ውሃ ማቆየትም ሆነ አየር መንፋት ጨውን፣ ባይካርቦኔትንና ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ፀሐይ ውሃውን ስትወስደው እነሱ ይቀራሉ። እርስዎ ደግሞ የጎደለውን በጉድጓድ ውሃ ይሞሉታል፣ ሌላ ይጨምሩበታል። ሩቅ ሳይሄዱ ማሳያው አለ። የዝዋይ ሐይቅ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። አብያታ ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ ዝዋይ ዓሣ የሚሰገርበት ጣፋጭ ውሃ ሆኖ ሲኖር አብያታ ሶዳ ሆኗል። ኩሬዎም መውጫ ይኑረው። በየጊዜው ከታች የተወሰነ ውሃ ያስወጡ። ወደ ማሳ ከመልቀቅዎ በፊት ግን ጨዋማነቱ ይመርመር፤ ሶዲየም የበዛበት ውሃ አፈሩን ጠጣር ያደርገዋል።

አልካሊኒቲውንና አሞኒያውን ለማስመርመር ባቱ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ሰበታ ያለውን ብሔራዊ ማዕከል ይጠይቁ። ናሙናውን በሃይላንድ ሲወስዱ አፉ ድረስ ይሙሉት፣ በደንብ ይክደኑት፣ ከፀሐይ ይከልሉት። ፒኤቹን ግን እዚያው ጉድጓዱ ላይ ራስዎ ይለኩና ከነሰዓቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። በመኪና እየተናጠ፣ ግማሹ አየር ሆኖ የሚደርስ ውሃ ቤተ ሙከራ ሲገባ ሌላ ቁጥር ነው የሚሰጠው።