ነርቭ ውስጥ የተኛ ምች በምርመራ ይታያል ወይ?

እህቴ፣ «ከንፈሬን ምች እየመታኝ ተቸገርኩ። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቋል አሉኝ። በምን ምርመራ ይታያል?» ላልሽው፣ በአጭሩ፣ ተኝቶ ሳለ በሕይወት ያለ ሰው ላይ አይታይም። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ምቹም የራሴ ደንበኛ ነው።

የእኔ ምች ጉንፋን ሲይዘኝ ወይም ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ስውል ይመጣል። መጀመሪያ ከንፈሬ ጫፍ ይነዝረኛል። በማግስቱ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ነው። አንዴ እንዲያ ሆኜ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሳ ገበያ፣ ጥሬ ዓሳ በሎሚና በሚጥሚጣ በላሁ። አይ ቅጣት!

ሁሌም እዚያችው ቦታ የሚወጣው ለምን መሰለሽ? ቁስሉ ሲድን ምች የሚያመጣው ቫይረስ፣ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ፣ በነርቩ ክር ወደ ኋላ ሄዶ፣ የራስ ቅል ወለል ላይ ባለ የነርቭ ሴሎች ቋጠሮ ውስጥ ይተኛል። ዲኤንኤው እንጂ ሙሉ ቫይረስ የለም።

ይህ የታወቀው ከሞቱ ሰዎች ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ተመራማሪዎች ቋጠሮውን ከሬሳ አውጥተው ከተፉትና ከሕያው ሴሎች ጋር ብልቃጥ ውስጥ አቆዩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። ቆይቶ ግን ሴሎቹ እያበጡ ይሞቱ ጀመር። ቫይረሱ ነቅቷል! ቋጠሮውን ወዲያው ፈጭተው ቢፈልጉ ግን ባዶ ነው። የአልማዝ ባለጭራ በሽታን የሚያመጣው ዘመዱ ቫይረስ በዚህ ዘዴ አልነቃ ብሎ፣ በ1983 በዲኤንኤው ተያዘ። በ1987 ደግሞ የተኛው ሄርፒስ አንድ አርኤንኤ (ከዲኤንኤው የሚቀዳ መልእክት) ብቻ በብዛት እንደሚሠራ ታየ፤ እሱን ፈልጎ የሚጣበቅበት ምልክት ጨምረው የነርቭ ሴሉ እምብርት (ኒውክሊየስ) ውስጥ ያዩታል። ዛሬ ጥቂት ዲኤንኤን አብዝቶ የሚያሳይ ፒሲአር የሚባል ምርመራ አለ፤ እሱም ቢሆን ከቋጠሮው ናሙና መውሰድን ይጠይቃል። ለምች ብሎ ጭንቅላቱን የሚያስከፍት ማን አለ?

የደም ምርመራው ሌላ ነገር ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ የግል ክሊኒክ «አይጂጂ ፖዘቲቭ» (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል) የሚል ወረቀት ሰጥቶኝ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ትርጉሙ «አንድ ጊዜ ይዞሃል» ብቻ ነው። ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይህ ቫይረስ አለበት። ገንዘብሽን አታባክኚ። ማረጋገጥ ካማረሽ ሽፍታው ትኩስ ሳለ ከውሃው ናሙና አስወስጂ።

እናቴ አሁንም ዳማከሴ አሽታ በቡና ትሰጠኛለች። እጠጣለሁ፤ ሽታው ያስደስተኛል፤ ምቹ ግን ተመልሶ ይመጣል። የሄርፒስ መድኃኒቱ አሲክሎቪርም የተኛውን አይነካም፤ ንዝረቱ እንደጀመረ ከተወሰደ ግን ቀኑን ያሳጥራል። ሐኪም ጠይቂ። ዓይንሽ አካባቢ ከወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂጂ።