«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ቢሉህ እንዳታምን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ዙቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ፣ የሊኑክስ ዓይነት) የጫንክበት ኮምፒውተር የሎግኢን ገጹን ያሳይሃል። ፓስወርድ ጽፈህ ትንሽ ስትቆይ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ነጭ ጽሑፍ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ መልሶ ሎግኢን ይጠይቅሃል። «አዲስ አበባ ወስጄ ላሠራው ወይ?» ብለሃል። አትውሰደው! ኮምፒውተር ታቅፈህ ከአዳማ የምትወጣበት ጉዳይ አይደለም። እኔም እዚሁ አዳማ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ፤ ይሄው ራሱ ደርሶብኛል።

1. ስክሪኑ ሲጠቁር ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫን። ላፕቶፕ ከሆነ ኤፍኤን የምትለዋንም ጨምር። ጥቁር ገጽ ላይ ስምህን ከጠየቀህ ማዘርቦርድህ አልተቃጠለም። ግባበት። ፓስወርዱን ስትጽፍ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ።

2. ሊኑክስ አንዱን ስክሪን ለብዙ ቨርቹዋል ተርሚናል፣ ማለትም በየቁጥራቸው ለሚጠሩ የተለያዩ ገጾች፣ ያካፍለዋል። በተለምዶ ከ1 እስከ 6 ያሉት ለጽሑፍ ሎግኢን የተተዉ ናቸው። እዚያ ስምህን የሚጠይቀው ጌቲ የሚባል ፕሮግራም ነው። የ1ኛው ጌቲ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሳል፤ የሌሎቹ ሲጠሩ ብቻ። ላይትዲኤም፣ ማለትም የዙቡንቱን የሎግኢን ገጽ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ደግሞ ዴስክቶፑን ከ7 ጀምሮ ነው የሚከፍተው። አንድ ሰው ይህን ቁጥር 1 ካደረገው ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተጋፍተው ይቀመጣሉ። አንተ የምትጽፈውን ጌቲም ይሰማል፣ ስም የተነገረው ይመስለዋል። 60 ሰከንድ ጠብቆ ትክክለኛ ፓስወርድ ሲያጣ እንደገና ይነሳል። ሲነሳ ታዲያ ተርሚናሉ ላይ ያለውን ሁሉ ያባርራል፣ ዴስክቶፕህንም ጭምር። «ጂዲኤም 1 ላይ ይሠራ የለ?» እንዳትለኝ። እሱ ሌላ የሎግኢን ፕሮግራም ነው፤ ሲነሳ የ1ኛውን ጌቲ እንዲያስቆም ተደርጎ የተሠራ ነው።

3. ጥገና ቤት አትሂድ። የእኔን የላይትዲኤም ቁጥር የነካው የወንድሜ ልጅ ነው፤ «ሲበራ ብልጭ ድርግም እንዳይል» ብሎ ከቪዲዮ አይቶ። እኔ ምኑንም ሳላውቅ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩት። ባለሙያ ተብዬው ኬዙን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። ቀጥሎ «ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንልህ» አለ። እንዴ! ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ ዊንዶውሱን ምን ላይ ሊጭነው ነው? ይህንኑ ስጠይቀው ሰው ፊት «አንተ ኮፒህን አንሳ» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ዲስኩ ላይ እኮ የሰው ሲቪ አለ፣ የኪራይ ውል አለ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አለ። ይባስ ብሎ «የማያ» ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝ። ሳያይ!

ንዴቱ ነው ያስተማረኝ። ማታ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ኤፍ3ን ስጫን ጥቁሩ ገጽ ስሜን ጠየቀኝ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ኢቲሲ ውስጥ ላይትዲኤም የሚባል ፎልደር አለ፤ ጥቁሩ ገጽ ላይ ከገባህ በኋላ እዚያ ያለውን ላይትዲኤም ዶት ኮንፍ በሱዶ ናኖ ክፈተው (sudo nano /etc/lightdm/lightdm.conf)፤ ሱዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው፣ ናኖ ጽሑፍ ማረሚያ። «ሚኒመም ቪቲ» (minimum-vt) የሚለውን መስመር ፈልግና 1 የሚለውን 7 አድርገው። መስመሩን ብታጠፋውም ያው ነው፣ ካልነገሩት ራሱ 7ን ይወስዳል። ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) ያለበት መስመር ግን አይነበብምና እሱን አትነካካው። ሴቭ፣ ሪስታርት፣ አለቀ። የእኔው «የተቃጠለ» ማዘርቦርድ ዛሬም ሲቪ ይጽፋል።

ምናልባት ጂዲኤምንም አብረህ ጭነህ ከሆነ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ላይትዲኤም የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ ስጠው (sudo dpkg-reconfigure lightdm)። የትኛው ይሥራ ብሎ ይጠይቅሃል፣ አንዱን ምረጥ። ላይትዲኤምን ሪስታርት ማድረግ የተከፈተውን ሁሉ ስለሚዘጋ መጀመሪያ ሥራህን ሴቭ አድርግ።

እምቢ ካለህ የፋይሉን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አይልሃለሁ። እስከዚያ ማንም ፎርማት እንዳያደርግብህ።