መልስ፦ ለአሮጌ 8088 የሚሆን ትንሽ ኮምፓይለር

ሰላም ወንድሜ። ሃርድ ዲስክ የሌለው፣ 640 ኪሎባይት ሜሞሪና ባለ 360 ኪሎባይት ፍሎፒ ብቻ ያለው 8088 (የጥንቱ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበት ፒሲ) ላይ የትኛው ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፍከውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይር ሶፍትዌር፣ ይሠራል ነው ጥያቄህ። እኔን ከሰማኸኝ ብዙ አትድከም፤ የቦርላንድ ኩባንያ የፓስካል ቋንቋ ኮምፓይለር የሆነው ቱርቦ ፓስካል 3.02 ይበቃሃል።

ዋናው ፋይል 40 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። እዚያው ውስጥ ኮምፓይለሩም ኮድ የምትጽፍበት ኤዲተሩም አብረው አሉ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ዶስን ጨምረህበትም ፍሎፒው ላይ ለራስህ ኮድ ሰፊ ቦታ ይተርፍሃል። ኮምፓይል የሚያደርገው ሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ ፍሎፒው እየጮኸ አያስጠብቅህም። ዛሬ ስንት ጊጋባይት የምናወርድ ሰዎች ይህን ስናይ ጉድ ነው የሚያሰኘን!

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እንዳለ ከተውከው ኮምፓይል የተደረገው ፕሮግራምህ ዲስክ ላይ አይቀመጥም። ከኤዲተሩ በኮንትሮል ኬ፣ ቀጥሎ ዲ ውጣ። ሜኑው ላይ «ኦ»ን ተጫን፣ ከዚያ «ሲ»ን፣ ከዚያ በ«ኪው» ተመለስ። አሁን ኮምፓይል ስታደርግ ራሱን ችሎ የሚሠራ ኮም (.COM) ፋይል ይወጣልሃል። ባዶ ፕሮግራም እንኳ 10 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን አይግረምህ፤ ረንታይሙን (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያስፈልገውን የቱርቦ ፓስካል ደጋፊ ኮድ) ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ኮዱ ደግሞ ከ64 ኪሎባይት አያልፍም።

ታይኒ ሲ የተባለውን የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ተጠቀም የሚሉህን አትስማ። ስሙ ትንሽ ይሁን እንጂ ከ8088 በኋላ ከመጣው ከ386 ፕሮሰሰር በታች አይሠራም። የግድ ሲ ካልክ አዲሱ ኮምፒውተርህ ላይ ኦፕን ዋትኮም በተባለው ኮምፓይለር ለዶስ ኮምፓይል አድርገህ ውጤቱን በፍሎፒ ውሰደው።

ደግሞ 3.02ን ቦርላንድ ራሱ ከዓመታት በኋላ በነፃ ለቆታል፤ የተሰረቀ ኮፒ ፍለጋ አትሂድ።