ለሂሳብ ምርምር ማን ይከፍላል? መብራት እስኪጠፋ ጠይቁኝ

መምህር፦ እንደምን ዋላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ቅዳሜ ከሰዓትን ይዤላችኋለሁ። የሂሳብ ምርምር ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ የመንግሥት ፖሊሲስ ምን ያደርገዋል፣ እሱን ጠይቁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ሂሳብ ሳስተምር ስንት ዓመት ጠመኔ እንደበላሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በቅድሚያ ሁለት ነገር። የማመልከቻ ቀን ከእኔ አፍ አትውሰዱ፣ ድረ ገጹን ራሳችሁ እዩ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ በኢሜይል ጀምሮ በዶላር ክፈሉ የሚል ጆርናል ደግሞ ሌባ ነው። በሉ።

የፖሊ ልጅ፦ መምህር፣ ላብራቶሪ የላችሁ፣ ኬሚካል የላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ገንዘቡ ለምንድነው?

መምህር፦ ጎሽ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እስክሪብቶውን እኔው እገዛለሁ። የሚጎድለኝ ጊዜ ነው። በደንቡ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ማስተማር አለብህ፣ መምህር ሲጎድል ደግሞ ኦቨርሎድ ይጨመርብሃል፣ የፈተና ወረቀት ታርማለህ፣ ኮሚቴ ትቀመጣለህ፣ ማታ ላይ የጀመርከውን የሂሳብ ማረጋገጫ ስትከፍት ባለፈው የት እንዳቆምክ አታስታውስም። የሂሳብ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ሴሚስተር ከማስተማር ነፃ መሆንና ያንኑ ችግር ከሚያስብ ሰው ጋር ሦስት ሳምንት አንድ ሰሌዳ ፊት መቆም። የእኛ የበጀት ቅጽ ደግሞ የተሠራው መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮፖዛል አስገባሁ። «የመሣሪያ» የሚለውን ረድፍ ባዶ ተውኩት። ያልተሟላ ተብሎ ተመለሰልኝ! ነጭ ሰሌዳ ብዬ ጻፍኩ። ለነጭ ሰሌዳው ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ። ገንዘቡ የተለቀቀው የካቲት ነው፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ሰሌዳው የገባው ሐምሌ ነው። እንግዲህ ፍረዱ።

ሰናይት፦ መምህር ስኮላርሺፕ አለ?

መምህር፦ በምን? የት? ለማስተርስ ነው ለፒኤችዲ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም እህቴ።

ቀበሌ 14፦ አሜሪካ የሂሳብ ሊቃውንትን ገንዘብ ቆረጠች የሚባለው እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ?

መምህር፦ እውነት ነው። እዚያ አገር ለንድፈ ሐሳባዊ ሂሳብ ዋናው ከፋይ ኤንኤስኤፍ ነው፣ በ1950 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግራንቶች፣ ማለትም የምርምር ድጋፍ ገንዘቦች፣ ታገዱ። ከታገዱት መካከል የቴረንስ ታኦ አለበት፣ የ2006ቱን የፊልድስ ሜዳልያ፣ የሂሳብን ትልቅ ሽልማት፣ የወሰደው ሰውዬ። እዚያው ግቢ ያለው ኢፓም የሚባለው የሂሳብ ተቋምም አብሮ ተመታ። ምክንያቱ ከቀመር ጋር አይገናኝም፤ መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን ግቢው ውስጥ በአይሁዶች ላይ ጥላቻ ሲታይ ዝም ብሏል ብሎ ከሶት ነው። ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤት መልሱ አለ። ኋይት ሐውስ ለ2026 ያቀረበው በጀት ደግሞ የኤንኤስኤፍን ከግማሽ በላይ የሚቀንስ ነበር። በዓለም ስሙ የተጠራ ሰው ገንዘቡ በአንድ ደብዳቤ ከቆመ የእኛን አስቡት።

ቀበሌ 14፦ እኛን ግን ምን አገባን?

መምህር፦ በደንብ ያገባናል። ሂሳብ ላይ የተማረ ሰው ስንቱ በራሳችን ገንዘብ ተማረ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የልማት ድርጅት ከሲዳ ጋር ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። እዚያው ስዊድን ኡፕሳላ ያለው ኢንተርናሽናል ሳይንስ ፕሮግራም በ1961 እ.ኤ.አ. ፊዚክስን ይዞ ጀመረ፣ ሂሳብን የጨመረው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለውን አይሲቲፒን፣ ዓለም አቀፉን የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል፣ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. አቋቋመው፤ ዋናውን ወጪ የሚሸፍነው የጣሊያን መንግሥት ነው። ከድሃ አገር የመጣ የሂሳብ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚተነፍስበት ቦታ ነው። ታዲያ ስቶክሆልም ምርጫ ሲኖር እኔ ባሕር ዳር ሆኜ እንቅልፍ አጣለሁ ብላችሁ አትሳቁ። በ2023 የስዊድን መንግሥት በአገሩ የምርምር ምክር ቤት በኩል ለልማት ምርምር ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ ዘጋ። ከታዳጊ አገር ተመራማሪ ጋር አብሮ የሚሠራ ስዊድናዊ ማመልከቻውን አጣጥፎ አስቀመጠ ማለት ነው።

አባይ ማዶ፦ የእኛስ መንግሥት? 70 በ30 የሚለው ፖሊሲ ሂሳብን ጠቅሟል ይላሉ።

ጊሽ ዓባይ፦ ምን ጠቀመ! እኔ ምሕንድስና ሞልቼ ሂሳብ ተጣለብኝ። ክፍላችን ውስጥ ወዶ የገባ ሁለት ሰው ነበር።

አባይ ማዶ፦ ሳይወድ የገባ ሰው አይማርም ያለው ማነው? ወንድሜ ሳይወድ ገብቶ ዛሬ ባንክ ውስጥ ትልቅ ሰው ነው።

ጊሽ ዓባይ፦ እኮ ባንክ! ምርምር ነው የተባለው።

አባይ ማዶ፦ ባንክም ደሞዝ ይከፍላል ወንድሜ። ምርምር ይከፍላል?

መምህር፦ ተዉ፣ ተዉ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የምትከራከሩት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። 70 በ30 የመጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ተማሪ ሰባውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይላል። ልቡ ግን ምሕንድስና ላይ ነበር። ሂሳብ ለመሐንዲሶች አገልግሎት ሰጪ ሆነ፤ ካልኩለስ ለስንት መቶ ተማሪ አስተምር፣ ምርምሩን በትርፍ ጊዜህ። ከዚያ ደግሞ ተቃራኒው መጣ። በጥር 2015 ዓ.ም. የተነገረውን የ12ኛ ክፍል ውጤት አስታውሱ፣ ከተፈተነው ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ያለፈው ጥቂት ልጅ ሕክምናና ሶፍትዌር መረጠ። ትናንት ተማሪ በዛ ብለን ስናማርር ዛሬ ባዶ ወንበር ላይ እናፈጣለን። መንግሥት ሂሳብን የሚነካው በግራንት ብቻ ይመስላችኋል። ግራንቱ ትንሹ ነገር ነው። ማን በር ገብቶ ክፍል ተቀመጠ፣ መምህሩ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ዋናው እሱ ነው።

ፋሲሎ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብሏል አይደል? ያ አልረዳችሁም?

መምህር፦ ስሙ ጥሩ ነው። ቀጣይ።

ፋሲሎ፦ በሁለት ቃል አሳለፉት እኮ።

መምህር፦ አዎ።

ሰናይት፦ መምህር ስኮላርሺፕ ለማስተርስ፣ ውጭ አገር?

መምህር፦ አሁን ተሻሻለ። ኤምስ የሚባለውን የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት እይ። በ2003 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ጀምሮ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ ደርሷል። እኛ ጋ የለም። የአይሲቲፒን ዲፕሎማ ፕሮግራምም እይ። ቀኑን ከእኔ እንዳትወስጂ፣ ድረ ገጹን።

ሽምብጥ፦ ወረቀቴን ለማሳተም 400 ዶላር ተጠየቅኩ። በሁለት ሳምንት ይወጣል ብለውኛል። ልክፈል?

መምህር፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? በሁለት ሳምንት ማረጋገጫ የሚያነብ ሰው የለም። ሂሳብ ውስጥ ወረቀት ዓመት ቢቆይ አይገርምም። አርካይቭ የሚባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ አስቀምጠው፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ነው። ዜድቢማዝ የሚባለው የሂሳብ ጽሑፎች ማውጫም ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው፣ ጆርናሉ እዚያ መኖሩን እይ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር መክፈል ቀልድ አይደለም። 500 ዶላር የኮንፈረንስ ክፍያ 28 ሺህ ብር ገደማ ነበር፣ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ከ50 ሺህ አለፈ። በጀቱ ግን በብር እንደተጻፈ ቁጭ ብሏል። ይሄም ፖሊሲ ነው፣ ማንም ሂሳብን አስቦ ባያወጣውም።

ዘጌ፦ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ከጣና ዳር የሚወጣ የሂሳብ ፕሮፖዛል ሁሉ ለምን ሐይቁን ስለወረረው አረም፣ ስለ እንቦጭ ይሆናል?

መምህር፦ ጥሪው «የማኅበረሰቡን ችግር የሚፈታ» ስለሚል ነዋ! አልጀብራ የሚሠራ ጓደኛዬ እንኳ እንቦጭ ብሎ ጽፏል። አልፈርድበትም። እኔ ግን የእንቦጭን ሂሳብ ከልቤ እወደዋለሁ። በ1937 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፊሸር ስለ ዘረመል መስፋፋት አንድ እኩልታ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ሞስኮ ላይ ኮልሞጎሮቭ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያንኑ አጠና። ውጤቱ ያምራል፤ አንድ ነገር እየተራባም እየተበተነም ከሄደ የሚስፋፋበት የፊት ጠርዝ ፍጥነት የመራቢያውና የመበተኛው መጠን ተባዝተው፣ ስኩዌር ሩታቸው ወጥቶ፣ በሁለት ሲባዛ ነው። ስለ እንቦጭ ማንም አላሰበም። ስለዚህ ውጤቱ በስንት ወር ይደርሳል የሚሉኝን አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ፈረንሳዊው ፌርማ ስለ ዋና ቁጥሮች የምትናገረውን ትንሿን ቴዎረሙን የጻፈው በ1640 እ.ኤ.አ. ነው፣ ደሞዙን የሚያገኘው ከፍርድ ቤት ነበር። እሷን ይዞ አርኤስኤ የሚባለው የምስጢር መቆለፊያ የመጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። 337 ዓመት። የትኛው የክትትልና ግምገማ ቅጽ ነው ይሄን የሚችለው?

ደንቢያ፦ እዚያ ቀመር ሲጻፍ እኛ ወገባችን እስኪቆረጥ በእጃችን ነቀልን። የእንቦጭ ማጨጃው ማሽን የት ደረሰ?

ቀበሌ 14፦ ማሽኑ ሠርቷል እኮ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደንቢያ፦ ከሆቴል በረንዳ ላይ ሆነህ ነው ያየኸው?

መምህር፦ ስለ ማሽን አትጠይቁኝ። ደንቢያ ግን ልክ ነው፣ እንቦጭ ጣና ላይ በይፋ ከታወቀ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የነቀለው ገበሬው ነው። ቀመሩም ያለ እሱ አይሠራም። የፊሸር እኩልታ ነፋስ አያውቅም። ጣና ላይ ነፋሱ የእንቦጩን ምንጣፍ ሙሉ አንስቶ ሌላ ዳር ይጥለዋል። በየትኛው ቀን የት እንደነበረ የሚል መዝገብ ያስፈልገኛል፤ ለዚያ ብዬ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ጠየቅኩ፣ ሁለቴም ዳታ መሰብሰብ የሂሳብ ክፍል ሥራ አይደለም ተባልኩ።

ደንቢያ፦ አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። መረቡን የት እንደጣለና እንቦጩ የት እንደከለከለው ደብተር ላይ ይጽፋል። አራት ዓመት ሆኖታል።

መምህር፦ ቀን አለው? ቦታው በስም ነው?

ደንቢያ፦ ቀን አለው። ቦታው እሱ በሚጠራው ስም ነው።

መምህር፦ ስልክህን በውስጥ ላክልኝ። ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ሰኞ ኦቨርሎድ አለብኝ። ደብተሩን እንዳያስነኩት።