«ቦታ የለም» የሚለውን መልስ በጽሑፍ ያስሰጡ

አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚኖሩት ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው ጎረቤትዎ መጦሪያ እንዲገቡ አመልክተው «ቦታ የለም» በሚል የቃል መልስ ብቻ እንደተመለሱ ጽፈዋል። መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማመልከቻውን ለተቀበለው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የመረጃ ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልሱ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥዎት ይገባል። የቦታውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ተራው በምን መስፈርት እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚወስን እና የጎረቤትዎ ማመልከቻ መቼ እንደተመዘገበ ይጠይቁ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ስለሚያዝ፣ የአቅም ማነስ ለቦታ ጥበት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ያሉት ጥቂት ቦታዎች እንዴት እንደተደለደሉ ለመሸሸግ ግን ፈጽሞ ምክንያት አይሆንም።

ከተከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበሉ።

አደራ፣ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ሳያስደርጉ ከመዝገብ ቤት አይውጡ። እኔ ለአክስቴ ያስገባሁት ማመልከቻ ከወራት በኋላ «አልደረሰንም» ተብሎ፣ ማስረጃ ስላልነበረኝ ተራዋ እንደገና ከመጨረሻ ጀምሯል።