ልጄን ይዤ ድሬዳዋ ብሄድ አባቱ ሊከሰኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አዳማ ነው፣ ከልጄ አባት ጋር በፍርድ ቤት ተፋተናል፣ ልጃችን 7 ዓመቱ ነው አንደኛ ክፍል ይማራል። እኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ ቅዳሜና እሁድ አባቱ ይወስደዋል፣ የፍርድ ቤቱም ውሳኔ እንደዛ ነው የሚለው። አሁን ድሬዳዋ ከበፊቱ በጣም የሚሻል ሥራ አገኘሁ፣ እህቴም እዛው ስላለች ታግዘኛለች። ለአባቱ ስነግረው «ልጄን ይዘሽ ከሄድሽ እከስሻለሁ» አለኝ፣ እናቴ ደግሞ እናቱ ነሽ ማን ይከለክልሻል ዝም ብለሽ ሂጂ ትለኛለች። እውነት ለመናገር ቀለቡ አንዳንዴ ይዘገያል እንጂ ልጁን በጣም ነው የሚወደው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ በሥራው እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግን እባክሽ ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ። እናትሽ ላንቺ አስበው ነው፣ ነገር ግን ውሳኔው ቅዳሜና እሁድ አባቱ ጋር ይሁን ካለ ድሬዳዋ ሆነሽ ያ አይቻልም፣ ስለዚህ ውሳኔውን የጣስሽው አንቺ ትሆኛለሽ ማለት ነው።

ሁኔታ ሲቀየር ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። በፌደራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 113 ላይ አለ፣ አዳማ ላይ የሚሠራው ግን የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ስለሆነ እሱን የሚያውቅ ጠበቃ ይይልሽ። ዳኛው በቅድሚያ የሚያየው የልጁን ጥቅም ነው፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ስለዚህ ደሞዙ ይሻላል ብቻ ብለሽ አትግቢ፣ የት እንደሚማር፣ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚቀበለው፣ አባቱን መቼ መቼ እንደሚያገኝ ይዘሽ ግቢ።

ከዛ በፊት ግን ከአባቱ ጋር ቁጭ በሉ፣ ብቻችሁን ካልሆነላችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይኑር። ሰውየው የፈራው ልጁን እንዳያጣ ነው፣ የሚያጣቸውን ቅዳሜና እሁዶች በረጅም ጊዜ ካሺው። ክረምቱን፣ ሐምሌንና ነሐሴን አብዛኛውን አዳማ ይሁን፣ ቡሄንም እዛው ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ይጨፍር፣ የግማሽ ዓመት እረፍቱንም ይውሰድ፣ ገናና ፋሲካን ደግሞ በየዓመቱ ተቀያየሩ። የ7 ዓመት ልጅ ብቻውን አይላክም፣ በባቡር ይሁን በአውቶብስ ማን እንደሚያደርሰው፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ቲኬቱን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይስፈር። በኔ እምነት የራቅሽው አንቺ ስለሆንሽ ከትራንስፖርቱ ከበድ ያለውን አንቺ ብትችይ ፍትሃዊ ነው።

ስልክ ላይ ቸል አትበሉ። የዚህ እድሜ ልጅ «ምን በላህ? ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና» ብሎ ስልኩን ላንቺ ይሰጥና ወደ ጨዋታው ይሮጣል፣ አባትየው ደግሞ አንቺ አስከልክለሽው ይመስለዋል። የታወቀ ሰዓት ይኑራቸው፣ በቪዲዮ የዛን ቀን የቤት ሥራውን ለአባቱ ያንብብለት፣ ደብተሩን ያሳየው፣ አንቺም ከአጠገባቸው ተነሽላቸው። «ቀለብ አልላክህም በለው» የሚባል ነገር በልጁ አፍ እንዳይመጣ፣ ኧረ በፍጹም! ቀለቡ ከዘገየ በአፈጻጸም፣ ማለትም ውሳኔው እንዲፈጸም ለፍርድ ቤቱ አመልክተሽ ትጠይቂያለሽ እንጂ በዛ ምክንያት ልጁን አባቱን ከማየት አትከለክይውም።

ከተስማማችሁ ፈርማችሁ ፍርድ ቤት አስገቡና ይጽደቅላችሁ፣ ካልተስማማችሁም ማመልከቻሽን አስገብተሽ ውሳኔውን ጠብቂ። አዲሱን መሥሪያ ቤት ደግሞ የምትጀምሪበትን ቀን እንዲያራዝሙልሽ ለምኛቸው፣ ሰኔ ላይ ትምህርት እስኪዘጋ ከታገሱሽ ልጁ መሀል ላይ ትምህርት ቤት አይቀይርም፣ የመጀመሪያውንም ክረምት እዛው አባቱ ጋር ይጀምራል።